ፀሐይዋ እያመለጠችኝ ነው፤ ትንሽ ተከታይ ማውንት (ቴሌስኮፕ ተሸክሞ ፀሐይዋን እየተከተለ የሚዞር መቆሚያ) የትኛውን ላስመጣ? (ድሬዳዋ)

የከዚራ ፎቶ
ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬ ነው የምጽፈው። እንጀራዬ የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ ነው። ስለዚህ ስለ ትራይፖድ አታስተምሩኝ፤ ስለ ፀሐይ ግን እንደ ሕፃን አስረዱኝ።

በሽታው የያዘኝ ሰኔ 14 ቀን 2012 ነው። ላሊበላ ላይ ቀለበት የሠራችው ግርዶሽ እኛ ጋ ከፊል ነበረች። ኮሮና ነው፣ ሰርግ የለም፣ ሥራ የለም። ጠዋት ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ስሄድ በቅጠሎቹ መሀል የሾለከው ብርሃን አስፋልቱ ላይ ማጭድ ማጭድ ሆኖ ተበትኗል። ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማዩን ሲያይ እኔ አጎንብሼ መሬት ፎቶ ሳነሳ አረፈድኩ። አንዲት እናት «ምን ጠፋብህ ልጄ?» ብላ አብራኝ መፈለግ ጀምራ ነበር።

አሁን ያለኝ ቴሌስኮፕ የፊት መስታወቱ 70 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 400 ሚሊሜትር ነው። አፉን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የፀሐይ ፊልም አለው። ቀፊራ ገበያ ይዤው ሄጄ ሽንኩርት ሚዛን ላይ አስመዘንኩት፤ ከነአይፒሱ (ዓይን የሚጠጋበት ማጉያ ሌንስ) 2 ኪሎ ከ400 ግራም። ሻጯ «ኪሎው ስንት ነው?» ብላኛለች።

ችግሬ ይኸውላችሁ። ጠዋት ጣሪያ ላይ ስወጣ የሰፈር ልጆች ይከተሉኛል። 10 ሚሊሜትር አይፒስ ሳስገባ 40 ጊዜ ያጎላል። ፀሐይዋን መሀል አድርጌ ዞር እላለሁ። ደቂቃ ተኩል አካባቢ ሲሆን ጠርዟ መቆረጥ ይጀምራል፤ አራት ደቂቃ ሳይሞላ ጭራሽ የለችም። ልጁ በርጩማ ላይ ይወጣል፣ የቱን ዓይኑን እንደሚጨፍን ግራ ይገባዋል፣ በመጨረሻ ዓይኑን አስጠግቶ «ጥቁር ነው!» ይላል። አስተካክላለሁ። ቀጣዩ ይመጣል። «ጥቁር ነው!» ባለፈው እሁድ አሥራ አንድ ልጅ ተሰልፎ ፀሐይዋን በትክክል ያየው አራቱ ብቻ ነው። የቪዲዮ ትራይፖዴ ጭንቅላት ሙሽራ ሲከተል ቅቤ ነው። ፀሐይ ላይ ግን አነጣጥሬ እጄን ስለቀው ትንሽ ወደ ኋላ ይመለስብኛል፤ እዚህ ማጉላት ላይ ደግሞ «ትንሽ» የሚባል ነገር የለም።

የእህቴ ባል ከሦስት ሳምንት በኋላ ከዱባይ ይመጣል። «ከ5 ኪሎ የማይበልጥ ዕቃ ካለህ አመጣልሃለሁ» ብሎኛል። ሦስት ነገር አይቻለሁ፦

የስካይ-ዋቸር ሶላርክዌስት። ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ ነው። ቦታውንና ሰዓቱን በጂፒኤስ ያውቃል፣ ፀሐይዋ በምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሆነች ያሰላል፣ ከዚያ እየዞረ በራሱ ዓይን ይፈልጋታል። 4 ኪሎ ይሸከማል።

ኤዜድ-ጂቲአይ። ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ ይሄዳል። በስልክ ነው የሚታዘዘው። 5 ኪሎ።

ስታር አድቬንቸረር 2አይ። ለከዋክብት ፎቶ የታሰበ ነው፤ ግን የፀሐይ ፍጥነትም አለው። እሱም 5 ኪሎ። ዘንጉ ወደ ሰሜን ዋልታ መነጣጠር አለበት ይላሉ። በቀን የሰሜን ኮከብን ከየት አመጣለሁ?

ማታ ማታ ጨረቃንና ሳተርንን ባሳያቸውም ደስ ይለኛል። ግን ዋናው ፀሐይ ናት። ምን ትላላችሁ?

ሸዋ በር
ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 3:25

አቦ እንኳን ደህና መጣህ! ከሐረር ነኝ። እናንተ ስትጠበሱ እኛ ወደ 1,900 ሜትር ግድም ላይ ሆነን ሹራብ የምንለብስ ሰዎች።

ሁለተኛውን፣ በስልክ የሚታዘዘውን፣ ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ሰሜን የት ነው ብዬ አልጨነቅም። ትራይፖዱን ደልዳላ አደርጋለሁ። ቱቦውን በጥላው አነጣጥራለሁ፤ ከኋላው ነጭ ካርቶን ያዝና የቱቦው ጥላ ከሞላላ ወደ ክብ እስኪጠብብ አንቀሳቅሰው። ክብ ሲሆን ፀሐይ ውስጥ ናት። ከዚያ ስልኩ ላይ ፀሐይን መርጬ ተከተል እለዋለሁ። በዝርዝሩ ውስጥ ካጣሃት አትደንግጥ። ለጥንቃቄ ተብሎ ተደብቃለች፤ ማስተካከያው ውስጥ ገብተህ ራስህ ትፈቅዳለህ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ ውጭ አገር ያሉት የማይጽፉት ነው፤ እነሱ ጋ አይደርስማ። ሚያዝያ 7 አካባቢና ነሐሴ 22 አካባቢ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናትህ ላይ ናት። ልክ አናትህ ላይ። ይህ ዓይነት ማውንት ጠዋቱን ሙሉ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቀስ እያለ ቀና ይላል። አናት ላይ ሲደርስ ግን ወደ ምዕራብ ለመዞር ግማሽ ክብ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መሽከርከር አለበት። ያኔ ይደናበራል። ቱቦው ረጅም ከሆነ የትራይፖዱን እግር ሊነካም ይችላል። ስለዚህ በነዚያ ቀናት ከ6 ሰዓት እስከ 6 ተኩል እኔ ምሳ እበላለሁ። ሶላርክዌስትም በዚያው መንገድ ስለሚዞር ከዚህ አያመልጥም። ግን ልጅ ሲገፋው ራሱ ፀሐይዋን መልሶ መፈለጉ ላንተ ሰልፍ የሚሆን ነው።

የከዚራ ፎቶ
ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 3:50

ምሳው ተስማምቶኛል። የስልኩ ነገር ግን አስፈራኝ። እኛ ጋ 35 ዲግሪ ጥላ ውስጥ ነው። ግንቦት ላይ ሰርግ ስቀርጽ ስልኬ «በጣም ሞቄያለሁ» ብሎ ተዘጋብኝ። ሙሽራዋ ገና ከመኪና አልወረደችም። ስክሪኑም ፀሐይ ላይ መስታወት ነው፤ የማየው የራሴን ፊት ነው።

ሸዋ በር
ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 4:05

ስልኩን ካርቶን ሳጥን ውስጥ አስቀምጠህ እጅህን ታስገባለህ። ወይ ሐረር ና።

ገንደ ቆሬ በቶሮንቶ
ኅዳር 5፣ ከጠዋቱ 12:15

ወንድሜ፣ የድሬ ልጅ ነኝ፤ አሁን ቶሮንቶ ነው ያለሁት። እኔ የምመርጥልህ ሦስተኛውን ዓይነት ነው፤ ዘንጉ ወደ ዋልታ የሚነጣጠረውን። ምክንያቴን ልንገርህ፤ ግን መጀመሪያ ስህተቴን።

የኔ ተከታይ (የሌላ ድርጅት ነው፣ ስሙን ተወው) ቶሮንቶ ላይ እንደ ሰዓት ይሠራል። እዚህ ዘንጉ ወደ 44 ዲግሪ ቀና ይላል። እናቴን ልጠይቅ ድሬ ስመጣ ተሸክሜው መጣሁ። ድሬ ኬክሮሷ 9.6 ዲግሪ ነው። ዘንጉ ሊተኛ ምንም አልቀረው። የክብደት ማመጣጠኛው ብረት ሲዞር ሰሜን በኩል ያለውን የትራይፖድ እግር ቀጨም ያደርግና ይቆማል፤ ሞተሩ ይጮኻል። ሁለት ቀን ተናደድኩ። መፍትሔው ደግሞ የሚያሳፍር ነበር፤ ትራይፖዱን አዞርኩት። አንዱ እግር ወደ ደቡብ፣ ሁለቱ ወደ ሰሜን ሲሆኑ ብረቱ በመሀላቸው ያልፋል።

ስለዚህ የእህትህ ባል ብር ከመክፈሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ መሠረቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል? ሻጮቹ ብዙ ጊዜ የሚነግሩህ የሚሸከመውን ኪሎ ነው፤ ላንተ ግን ከኪሎው ይልቅ ይህ ነው የሚወስነው።

አሁን ለምን እንደወደድኩት። ዘንጉ መተኛቱ ለኛ ስጦታ ነው። በመስታወት ሳጥን ውስጥ በዘንግ የሚዞረውን የዶሮ ጥብስ አስብ። ቴሌስኮፕህ ከምሥራቅ ተነስቶ፣ በአናት አልፎ፣ ወደ ምዕራብ ልክ እንደሱ ይገለበጣል። በአንድ ሞተር፣ በአንድ ፍጥነት። ሚያዝያም ይሁን ነሐሴ አናት ላይ ምንም መደናበር የለም። ስልክም አያስፈልገውም። ማብሪያውን የፀሐይ ምልክቱ ላይ ታደርገዋለህ፣ በቃ።

ስለ አቅጣጫው አትጨነቅ። ፎቶ እያደርክ አታነሳም። አስበው፦ ዘንግህ ከዋልታው 1 ዲግሪ ቢስት፣ ፀሐይዋ በሰዓት ቢበዛ የራሷን ግማሽ ወርድ ያህል ትንሸራተታለች። 5 ዲግሪ ብትስት እንኳን አንድ ሙሉ ወርዷን ለመንሸራተት 25 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። አሁን በሁለት ደቂቃ ነው የምትሄድብህ። ሰልፉን አስበህ ቁጠረው።

የከዋክብትን ፍጥነት በስህተት ብታበራው እንኳን ልጆቹ አያውቁብህም። ልዩነቱ በሰዓት የዲግሪ ሃያ አራተኛ ነው።

የከዚራ ፎቶ
ኅዳር 5፣ ከጠዋቱ 1:30

የዶሮ ጥብሷ ገባችኝ! ይህን ሁሉ ቪዲዮ አይቼ ያልገባኝ በዶሮ ገባኝ። እሺ እህቴ፣ 5 ዲግሪ መሳት ከተፈቀደልኝ የስልክ ኮምፓስ አይበቃም?

ገንደ ቆሬ በቶሮንቶ
ኅዳር 5፣ ከጠዋቱ 1:45

ጣሪያህ ሲሚንቶ ነው አይደል? ውስጡ ፌሮ አለ። ስልክህን ትራይፖዱ አጠገብ ስታደርገው አንድ ሰሜን ይነግርሃል፣ ሁለት እርምጃ ስትሄድ ሌላ። እኔ 20 ዲግሪ ሲለያይብኝ አይቻለሁ። ለቁመቱ ግን የስልኩ ውሃ ልክ ጥሩ ነው።

ደግሞ ማታ ጣሪያህ ላይ ወጥተህ ወደ ሰሜን እይ። ድሬ ተራራው በደቡብ ነው፤ ሰሜኑ ሜዳ ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ክንድህን ዘርግተህ ጡጫህን አድማሱ ላይ ብታስቀምጥ ከጡጫህ በላይ ጫፍ ላይ ናት። አቧራ ከሌለ ታያታለህ። አንድ ማታ አስተካክለህ ትራይፖዱ እግሮች ሥር ቀለም ቀባ። ከዚያ ወዲያ ቀን ላይ እግሮቹን ቀለሙ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው።

አሸዋ ሜዳ 7
ኅዳር 5፣ ከረፋዱ 4:10

ለምን ትለፋለህ? ፊልሙን አውልቅና ካርቶን ላይ አሳያቸው። ሁሉም አንዴ ያያል፣ ሰልፍ የለም፣ ሞተር የለም፣ ዱባይ የለም።

ጡረተኛው መምህር
ኅዳር 5፣ ከቀኑ 9:20

አሸዋ ሜዳ ልጄ፣ በቀስታ። ካርቶን ላይ ማሳየት የቆየ ዘዴ ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን አሥራ አንድ ሕፃን ባለበት፣ ፊልም የሌለው ቴሌስኮፕ ጣሪያ ላይ? አንዱ «እስቲ እዚህ ጋስ?» ብሎ ዓይኑን ለማስጠጋት አንድ ሰከንድ ይበቃዋል። አይፒሱም ውስጡ ፕላስቲክ ካለው ይቀልጣል።

አንድ ጊዜ ፊዚክስ በማስተምርበት ዘመን የሆነውን ልንገራችሁ። ከቴሌስኮፑ ጋር በሳጥኑ ውስጥ አብራ የመጣች ጥቁር መስታወት ነበረች፤ አይፒሱ ላይ የምትጠመዘዝ። ላይዋ ላይ «ፀሐይ» ተብሎ ተጽፎባታል። እኔም አመንኳት። ግቢ ውስጥ አውጥቼ ተማሪዎቹን ማሰለፍ ስጀምር ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መስታወቷ ለሁለት ተሰንጥቃለች። ሙቀቱ ሁሉ ተሰብስቦ የሚያርፈው እሷ ላይ ነውና። የመጀመሪያዋ ተማሪ ሁለት እርምጃ ቀርቷት ነበር። እስከ ዛሬ ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እንዲህ ያለ ነገር በሳጥናችሁ ውስጥ ካገኛችሁ በመዶሻ ምቱት፤ ለማንም አትስጡ።

የከዚራው፣ ያንተ ፊልም ትክክለኛው ነው። ለዓይን የሚሠራው ፊልም ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ብርሃን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ነገር ግን ማውንት ስትገዛ አንድ የምትረሳው ነገር አለ። እስከ ዛሬ ፀሐይዋን ራስህ እያሳደድክ ስለነበር ዓይንህ ከቱቦው አይለይም። ማሽኑ መከተል ሲጀምር ትዘናጋለህ፤ ቡና ልትጠጣ ትወርዳለህ። ነፋስ ፊልሙን ቢያወልቀው ማሽኑ ፀሐይዋን አይለቃትም። ስለዚህ ፊልሙን በፕላስተር በሦስት ቦታ እሰረው። ሁልጊዜ ከማሰርህ በፊት ወደ አምፖል አድርገህ ቀዳዳ አለው ወይስ የለውም ብለህ እይ። ትንሿን ማነጣጠሪያ ቴሌስኮፕም ፍታና ኪስህ ውስጥ ክተታት።

አሁን ወደ ሰሜን። ኮከብ ሳትጠብቅ በቀን የሚሠራ ነገር አለ፤ ኅዳር ደግሞ ደግ ወር ነው። ቱምቢ አለህ? ግንበኛ ጎረቤት አይጠፋም። ከሁለት ሜትር ከፍታ አንጠልጥለው። ፀሐይዋ አሁን በደቡብ በኩል ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ የገመዱ ጥላ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይዘረጋል። ያ ጥላ እውነተኛው የሰሜንና የደቡብ መስመር ነው፤ ኮምፓስ የማይነካው። በጠመኔ አስምረው።

ግን እኩለ ቀን ማለት 6 ሰዓት ማለት አይደለም። የአገራችን ሰዓት የተቀመጠው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው። ድሬ ከዚያ በምዕራብ፣ 42 ዲግሪ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ላይ ናት፤ ስለዚህ በአማካይ 12 ደቂቃ ተኩል ትዘገያለች። በዚህ ላይ ፀሐይ ራሷ በዓመቱ ውስጥ ትቀድማለች፣ ትዘገያለች። በዚህ ሳምንት 15 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች። ሲደማመር 5 ሰዓት ከ57 ላይ አስምር። የካቲት ላይ ቢሆን 6 ሰዓት ከ26 ነበር።

ሰዓትህን ካላመንክ ደግሞ ያለ ሰዓት ይሠራል። የገመዱ ጫፍ ጥላ ረፋድ ላይ ያረፈበትን ምልክት አድርግ። በገመዱ ሥር ካለችው ነጥብ እስከዚያ ድረስ ለክተህ ክብ ሥራ። ከሰዓት በኋላ ጥላው ተመልሶ ክቡን ሲነካ ሌላ ምልክት። የሁለቱን ምልክቶች መሀል ከገመዱ ሥር ጋር አገናኘው።

ይህንን ሚያዝያ ላይ እንዳትሞክረው። ጥላው እግርህ ሥር ይጠፋል።

የከዚራ ፎቶ
ኅዳር 5፣ ከምሽቱ 1:10

ጋሼ፣ ድሬ ላይ ሁሉንም «አንተ» እያልኩ ነው ያደግኩት፤ ለእርስዎ ግን እርስዎ። የመስታወቷን ነገር ሳነብ ሳጥኔን ከፍቼ አየሁ። አለች! ያው ራሷ፣ ላይዋ ላይ የተጻፈባት። መዶሻ ተገኝቷል።

ፕላስተሩንም ገዛሁ። ከሰዓት በኋላ ያለው የድሬ ነፋስ ባርኔጣ አውልቆ ደቻቱ ወንዝ ያደርሳል፤ ፊልም ምን ያቅተዋል።

ጥያቄ ለቶሮንቶዋ፦ ባትሪውስ? ደግሞ በምን ሰዓት ነው ጥሩ የሚታየው? ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ጠርዟ ላይ እንደሚፈላ ውሃ ትሆንብኛለች። የሌንሱ ችግር መስሎኝ ነበር።

ሸዋ በር
ኅዳር 5፣ ከምሽቱ 1:40

እኔ ልመልስ፣ እሷ ጋ ሥራ ሰዓት ነው። የሚፈላው ጣሪያህ ነው። ሲሚንቶው ሲሞቅ አየሩ ይርገበገባል። ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለውን ያዝ። የጎረቤት ቆርቆሮ በምሥራቅ በኩል ካለ ትራይፖድህን በላዩ ከማታይበት ጥግ አድርግ። ሣር ያለበት ግቢ ካገኘህ ከጣሪያ ይሻላል።

ባትሪው ትንንሿ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ድንጋይ ናት። የኔ ስምንት ትበላለች፤ ስታር አድቬንቸረሩ አራት። ታይዋን ገበያ በጅምላ የሚሸጠውን ርካሹን ግን ተወው፤ በኔ ልምድ ከሁለት ጠዋት አያልፍም። ፓወር ባንክ ሰክተህ መገላገል ይሻላል።

ደግሞ ትራይፖዱን ዝቅ አድርገህ በርጩማ ላይ ተቀመጥ። ከፍ ባለ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። በርጩማ ነው ያልኩት፣ በርጫ አላልኩም።

ገንደ ቆሬ በቶሮንቶ
ኅዳር 6፣ ከጠዋቱ 12:40

ሸዋ በር ጥሩ መለሰልህ። እኔ የምጨምረው ሁለት ነገር ብቻ። ያ የቪዲዮ ትራይፖድህ እግሩ ከባድ ነው፤ አትሽጠው። ጭንቅላቱን ብቻ ፍታና ተከታዩን በላዩ እሰር፤ ከፎቶ ትራይፖድ ጋር የሚገጥመውን ትልቁን ቡሎን ነው የሚወስደው። ሳህን ቅርጽ ያለው ጭንቅላት ከሆነ ግን መካከለኛ ማጋጠሚያ ትፈልጋለህ፤ እሱንም ከዱባይ ይምጣልህ። መሀሉ ላይ አንድ ከረጢት አሸዋ አንጠልጥልበት፤ ልጆቹ ይገፉታል።

ሁለተኛው፣ ሐምሌ 26 ቀን 2019ን ያዝ። የዚያን ቀን ሉክሶር ላይ ፀሐይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትጨልማለች፤ ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ከፊሏ ትሸፈናለች። ፈቃድ ሞልቻለሁ። ጣሪያህ ላይ ቦታ ያዝልኝ።

የከዚራ ፎቶ
ኅዳር 8፣ ከቀኑ 8:15

ወሰንኩ። ስታር አድቬንቸረሩ ይመጣል። ሶላርክዌስቱ ልቤን ሰርቆት ነበር፤ ራሱ ፀሐይ ሲፈልግ ያለውን ቪዲዮ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ። ግን ማታ ጨረቃን ማሳየት እፈልጋለሁ፣ ሚያዝያ ላይም ምሳ ሰዓቴን ማንም እንዲወስንልኝ አልፈልግም። የእህቴ ባል ስለ 10 ዲግሪው ሻጩን ጠየቀው። ሻጩ «ለምን ትጠይቃለህ?» አለው። ከዚያ አብረው ቁጥሩን ሣጥኑ ውስጥ ካለው መሠረት ላይ አነበቡት። ይወርዳል።

ቱምቢውንም ዛሬ አንጠለጠልኩ፤ የልብስ ማስጫው ብረት ላይ። ልጆቹ ሰዓት ያዙልኝ። 5:57 ሲል አራቱ በአንድ ላይ «አሁን!» ብለው ጮኹ፤ አስመርኩ። የስልኬ ኮምፓስ ከመስመሩ 14 ዲግሪ ስቶ ነበር። ጋሼ፣ ክቡንም ሠርቼ ከሰዓት በኋላ ያለውን ምልክት እየጠበቅኩ ሳለ ለአንድ ደንበኛ አልበም ላደርስ ወረድኩ።

ስመለስ እናቴ በርበሬ አስጥታበታለች። ክቡም፣ መስመሩም፣ ሁሉም ከሥሩ ነው። እስከ ማክሰኞ አይነሳም ብላኛለች።